ባሕር የሰወረውን መዝገብ ያወጣዋል



የዛሬው ንግግሬ በጦርነት ሰምጠው የት እንደገቡ ሳይታወቅ ስለቀሩ የጦር መርከቦችና እነሱን ለማግኘት ስለሚደረገው ፍለጋ ነው። ጉዳዩ ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መሣሪያው ነው፤ ጥልቅ ባሕር የሚወርድ ካሜራ፣ በድምፅ የሚያስስ ሶናር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን የዚህን ሥራ ታሪክ ባጠናሁ ቁጥር አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። የሰመጠ መርከብ ከባሕሩ በፊት በወረቀት ላይ ይገኛል። የሚገኘውም የአንድ መርከበኛ ቃል፣ የአንድ መኮንን የጉዞ መዝገብ፣ የአንድ ምርኮኛ ማስታወሻ ሳይጣል ስለቆየ፣ በኋላም በትዕግሥት የሚመረምረው ሰው ስላገኘ ነው። ቃሉን የሰጠው ጠላት ሊሆን ይችላል። የጠላትን ቃል መቀበል ደግሞ ለሐዘንተኛ ቀላል አይደለም። ዛሬ የምተርክላችሁ ፍለጋ 66 ዓመት የፈጀበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከብዙዎቹ አንዲት መርከብ መርጫለሁ። ስሟ ሲድኒ ነው፤ የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ክሩዘር ነበረች። ለየት ብዬ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሲድኒ እንግሊዝ አገር ተሠርታ በሴፕቴምበር 1935 አገልግሎት ጀመረች። ወሩን ልብ እንበል። ሙሶሊኒ አገራችንን የወረረው በተከታዩ ወር፣ በኦክቶበር 3 ነው። አዲሲቱ መርከብ ወደ አገሯ ጉዞ ስትጀምር ትእዛዝ ተለወጠባትና ሜዲትራኒያን ላይ ከብሪታንያ መርከቦች ጋር እንድትቆይ ተደረገ። ምክንያቱ የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነበር። አባቶቻችን በማይጨውና በተንቤን ሲዋደቁ እነዚያ ወጣት አውስትራሊያውያን በእኛው ጉዳይ ሰበብ በዚያ ባሕር ላይ ነበሩ ማለት ነው። ማዕቀቡ ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝን ቦይም አልዘጋም፤ ወረራውንም አላቆመም። ይህ የመርከበኞቹ ጥፋት አልነበረም። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በጁላይ 1940፣ ይህችው መርከብ በቀርጤስ ደሴት አጠገብ ባርቶሎሜዎ ኮሌዎኒ የተባለችውን የጣሊያን ክሩዘር በውጊያ አሰጠመች። በ1941 መጀመሪያ ወደ አገሯ ስትመለስ የሲድኒ ከተማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተቀበላት። በዚያ ዓመት በአውስትራሊያ ከእሷ የበለጠ ስሟ የገነነ መርከብ አልነበረም።

በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም.፣ ማለትም በኖቬምበር 1941፣ ሲድኒ ወታደር የጫነች መርከብ እስከ ሱንዳ ወሽመጥ ድረስ አጅባ ወደ ፍሪማንትል ወደብ እየተመለሰች ነበር። አዛዧ ካፒቴን ጆሴፍ በርኔት ይባላሉ። በመርከቧ ላይ 645 ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ የባሕር ኃይል ሰዎች ሲሆኑ ጥቂት የአየር ኃይል ባልደረቦችና የካንቲን ሠራተኞችም አብረው ነበሩ።

በኖቬምበር 19 ቀን ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ርቃ ስትጓዝ አንዲት የንግድ መርከብ አየች። ያቺ መርከብ "ስትራት ማላካ የምባል የሆላንድ መርከብ ነኝ" አለች። እውነተኛ ስሟ ግን ኮርሞራን ነበር። የንግድ መርከብ መልክ ይዛ የምትዘርፍ የጀርመን የጦር መርከብ ነበረች፤ መድፎቿ በብረት መከለያ ተሸፍነው፣ ቶርፒዶዎቿ ተሰውረው፣ ከ300 በላይ የባሕር ፈንጂዎች ተጭነውባት ነበር። ከዚያ ቀን በፊት አሥር የንግድ መርከቦችን አስጥማለች። አዛዧ ቴዎዶር ዴትመርስ ነበሩ።

ሲድኒ እየተከተለች በባንዲራና በመብራት ጥያቄ ላከች። ኮርሞራን እየዘገየች መለሰች። በዚህ መሐል ሲድኒ ተጠግታ ተጠግታ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ብቻ ቀረ። በመጨረሻ ሲድኒ የመርከቧን ምስጢራዊ መለያ ጠየቀች። ዴትመርስ መልስ አልነበራቸውም። የሆላንድን ባንዲራ አውርደው የጀርመንን ሰቀሉና ተኩስ ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች የሲድኒን የአዛዥ ድልድይ መቱ፤ አንድ ቶርፒዶም ከፊት በኩል መታት። ሲድኒም መልሳ ተኩሳ የኮርሞራንን የሞተር ክፍል አቃጠለች። ውጊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የቆየው። ከዚያ ሲድኒ እየነደደች ቀስ ብላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሄደች። ጀርመኖቹ የቃጠሎዋን ብርሃን በአድማስ ላይ ሲያዩ አምሽተው፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጠፋባቸው። ከዚያ በኋላ ሲድኒን በሕይወት ያለ ሰው አላያትም። የራሳቸው መርከብም ልትተርፍ እንደማትችል ዴትመርስ ስላወቁ ሰዎቻቸውን በጀልባ አስወርደው እንድትፈነዳ አደረጉ።

ከኮርሞራን ሰዎች 318ቱ ተረፉ። ከሲድኒ 645 ሰዎች አንድም አልተረፈም።

መርከቦች በጦርነት ጊዜ በሬዲዮ መልእክት ከመላክ ስለሚቆጠቡ የሲድኒ መዘግየት ወዲያው አላስደነገጠም። ፍለጋው በርትቶ የተጀመረው ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ነው፤ በጀልባ ይንሳፈፉ የነበሩ ጀርመኖችም አንድ በአንድ መገኘት ጀመሩ። ከሲድኒ የተገኘው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ዋነኛው በጥይት ፍንጣሪ የተበሳሳ ባዶ የነፍስ ማዳኛ ታንኳ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ከርቲን ለሕዝቡ መርዶውን የተናገሩት በኖቬምበር 30 ነው። በዚያ ሳምንት በእኛ አገር የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ነበር። እኛ ጦርነቱ አበቃልን ባልንበት ሳምንት፣ በሌላው የዓለም ጫፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ሬሳም መቃብርም የሌለው ሐዘን ውስጥ ገቡ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ሐዘን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። እርሙን ያላወጣ ቤተሰብ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሞቷል እንዳይባል ያየ የለም፤ አለ እንዳይባል የመጣ የለም። ሚስት ጥቁር ለመልበስም ለማውለቅም ትቸገራለች። እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ወሬ ቶሎ ይገባል፤ ወሬው ሐሰት ቢሆንም ከዝምታ ይሻላልና ይቀመጣል።

በአውስትራሊያም የሆነው ይህ ነው። ባለ ስምንት መድፍ ፈጣን ክሩዘር እንዴት በአንዲት የተደበቀች የንግድ መርከብ ትሸነፋለች? ከ645 ሰው እንዴት አንድ እንኳ አይተርፍም? ጥያቄዎቹ ተገቢ ነበሩ። መልስ ስላልተገኘላቸው ግን ግምት ቦታውን ያዘ። የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ አለችበት የሚሉ ተነሱ፤ በወቅቱ ጃፓን ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም ነበር። ጀርመኖቹ በባሕር ላይ የሚዋኙትን መርከበኞች በመትረየስ ፈጇቸው የሚሉም ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ውጊያው የተደረገው ጀርመኖቹ ባሉት ቦታ አይደለም፤ ወንጀላቸውን ለመደበቅ ሐሰተኛ ቦታ ሰጡ አሉ። የሁሉም መነሻ አንድ ነበር፤ ብቸኞቹ ምስክሮች ገዳዮቹ ናቸውና ቃላቸው አይታመንም የሚል። መጻሕፍት ተጻፉ። ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደርሶ በ1999 የፓርላማው ኮሚቴ ሪፖርት አቀረበ። መርከቧ ግን አልተገኘችም፤ ባለሙያዎችም የት ይፈለግ በሚለው ላይ ለሁለት ተከፍለው ቆዩ።

አሁን ወደ ነገሬ ዋና ክፍል እገባለሁ።

የተያዙት ጀርመኖች በ1941 በየካምፑ ተለያይተው ተመርምረው ነበር። የእያንዳንዳቸው ቃል ተጽፏል። ከመካከላቸው ውጊያው የት እንደተካሄደ የተናገሩ በርካታ ናቸው። ዴትመርስና አንዳንዶቹ 26 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ፣ 111 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ብለዋል። ሌሎቹ ደግሞ "ከጠረፍ ይህን ያህል ማይል"፣ "ከዚህ ከተማ በስተ ምዕራብ" እያሉ ሰፋ ያለ ነገር ተናግረዋል። ቁጥሮቹ አይገጥሙም። የማያምኑት ሰዎች ይህን አለመግጠም የውሸት ማስረጃ አድርገው ወሰዱት።

ኪም ኪርስነርና ጆን ደን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ግን ይህንኑ አለመግጠም በሌላ ዓይን ተመለከቱት። እነሱ የባሕር ሰዎች አልነበሩም። ሙያቸው የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያስታውስ ማጥናት ነው። በመስካቸው በ1932 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። የካምብሪጁ ፍሬድሪክ ባርትሌት አንድ ታሪክ ከሰው ወደ ሰው በቃል ሲተላለፍ ምን እንደሚደርስበት ተከታትለው ነበር። ዝርዝሩ ይወድቃል፤ ቁጥሩ ይጠጋጋል፤ እንግዳው ነገር ወደሚታወቀው ይለወጣል። ይህ መለወጥ የራሱ ሥርዓት አለው። እንግዲህ አስቡት፤ በኮርሞራን ላይ የመርከቧን ትክክለኛ ቦታ የሚያውቁት ጥቂት መኮንኖች ብቻ ናቸው። በጀልባ ላይ ተጨናንቀው ሳሉ ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ ተላልፏል። አንድ እውነተኛ ቁጥር እንዲህ ሲተላለፍ የሚተወው አሻራ አለ። ሁሉም አጥንተው የሚደግሙት ውሸት ቢሆን ኖሮ ቃላቸው አንድ ዓይነት ይሆን ነበር። የጀርመኖቹ ቃል ግን በአንድ አካባቢ ዙሪያ እየተበተነ የሚሰባሰብ፣ የእውነተኛ ትዝታ መልክ ያለው ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱ ምሁራን እያንዳንዱን ቃል መዘኑ። የባሕሩን ፍሰትና ነፋስም ተጠቀሙ፤ ጀልባዎቹና ታንኳዎቹ የተገኙበት ቦታ ስለሚታወቅ፣ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተነሱበት ሊገመት ይችላልና። ይህን ሁሉ አጣምረው ሲድኒ ትገኝበታለች ብለው ያመለከቱት ነጥብ በኋላ ከተገኘችበት ቦታ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር የራቀው። ውቅያኖስን በሚያህል ነገር ላይ፣ ከ60 ዓመት በፊት ከተነገረ ቃል ተነስቶ እዚህ መድረስ ለእኔ እጅግ የሚያስደንቅ የምርምር ሥራ ነው።

ሌላው ማስረጃ የዴትመርስ ነው። ካፒቴኑ በአውስትራሊያ የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ሳሉ የውጊያውን ሪፖርት በምስጢር ጽፈው ነበር። ያሠፈሩት በአንድ የጀርመንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ላይ ነው፤ ከታተሙት ፊደላት ሥር በእርሳስ ጥቃቅን ነጥቦች እያሳረፉ። ነጥብ የተደረገባቸው ፊደላት ተለቅመው ሲነበቡ የውጊያው ታሪክ ይወጣል። መጽሐፉ ከጦርነቱ በኋላ በቤተሰባቸው እጅ ቆየ። ይህን ጽሑፍ ለጠላት ለማሳየት አልጻፉትም፤ የተጻፈው ለራሳቸው ባሕር ኃይል አለቆች ነው። በምርመራ ጊዜ ከተናገሩት ጋር ሲነጻጸር ግን በዋና ዋናው ነገር ይስማማል። ለመርማሪ የተነገረውና ከመርማሪ የተደበቀው ቃል አንድ ከሆነ፣ ሰውየው ዋሽተዋል ለማለት ከባድ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ዴቪድ ሜርንስ የተባሉት የመርከብ ፈላጊ ወደ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት ለዓመታት እነዚህን ሰነዶች በአውስትራሊያ፣ በብሪታንያና በጀርመን ሲያገላብጡ ቆይተዋል። ሜርንስ በ2001 ሁድ የተባለችውን የብሪታንያ የጦር መርከብ ያገኙ ሰው ናቸው፤ ያቺ መርከብ በግንቦት ወር 1933 ዓ.ም. ከ1,418 ሰዎች ጋር ሰምጣ ሦስት ብቻ ነበሩ የተረፉት። እሳቸውም የደረሱበት መደምደሚያ ጀርመኖቹ እውነት ተናግረዋል የሚል ነበር። ስለዚህ ስልቱ ይህ ሆነ፤ መጀመሪያ ኮርሞራንን መፈለግ፣ ምክንያቱም የተረፉት ሰዎች የሚያውቁት የራሳቸውን መርከብ ቦታ ነው፤ እሷ ከተገኘች በኋላ ሲድኒ ወደ የት እንደሄደች የነገሩንን አቅጣጫ መከተል።

ፍለጋው የተደረገው ጂዮሳውንደር በተባለች መርከብ በ2008 መጀመሪያ ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት ከ4 ሚሊዮን በላይ የአገሩን ዶላር ሰጠ፤ ለዚሁ ዓላማ የተቋቋመው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅትም ለዓመታት ደክሞበታል። አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ብርሃን ወደ ጥልቅ ባሕር አይደርስም፤ የሬዲዮ ሞገድም በውሃ ውስጥ ሩቅ አይጓዝም። ሩቅ የሚሄደው ድምፅ ነው። ስለዚህ ሶናር የያዘ መሣሪያ በብዙ ኪሎ ሜትር ገመድ ታስሮ ከባሕሩ ወለል በላይ ዝቅ ብሎ ይጎተታል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ድምፅ ይልካል። ድምፁ አሸዋ ሲያገኝ ደክሞ፣ ብረት ሲያገኝ በርትቶ ይመለሳል፤ ከብረቱ ጀርባም ጥላ ይታያል። መርከቧ ገበሬ መሬቱን ትልም በትልም እንደሚያርስ፣ አንዱን መስመር ጨርሳ ዞራ ሌላውን ትይዛለች። ፍጥነቷ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። በተዞረ ቁጥር ረጅሙ ገመድ እስኪስተካከል ሰዓታት ይወስዳል። አንድን ቀን በተሳሳተ ቦታ ማሳለፍ ብዙ ገንዘብ ማባከን ነው። የማስረጃው ጥራት ዋጋ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው፤ ምስክርነቱ ጥሩ ከሆነ የሚታረሰው ማሳ ይጠባል።

በማርች 12 ቀን 2008 ኮርሞራን በ2,560 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘች። ቦታዋ ዴትመርስ በ1941 ከተናገሩት ነጥብ እጅግም አልራቀም ነበር። ከአራት ቀን በኋላ፣ በማርች 16፣ ሲድኒ ራሷ ከዚያ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ጀርመኖቹ ሄደችበት ባሉት በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ፣ በ2,468 ሜትር ጥልቀት ተገኘች። ከ66 ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ ለሕዝቡ ነገሩት።

ካሜራ ሲወርድ የታየው ነገር ቃሉን አረጋገጠ። የሲድኒ የፊት አፍንጫ ተቆርጦ ከዋናው አካል ተለይቶ ወድቋል፤ ቶርፒዶው የመታው እዚያ ነው። የአዛዡ ድልድይና የመድፍ መቆጣጠሪያው ገና በመጀመሪያው ላይ ወድመዋል። በአካሏ ላይ የተቆጠሩት የከባድ መድፍ ምቶች ከ80 በላይ ናቸው። የነፍስ ማዳኛ ጀልባዎቿ ተቃጥለዋል፤ ተሰባብረዋል። ስለዚህ ለምን አንድም ሰው አልተረፈም የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። መልሱ የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን መልስ ነው። ዳኛ ቴሬንስ ኮል የመሩት መርማሪ ኮሚሽን በ2009 ባወጣው ሪፖርት የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ እንዳልነበረች፣ በውሃ ላይ በነበሩት ላይ የመትረየስ ግድያ እንዳልተፈጸመ ደመደመ። ካፒቴን በርኔት ያን ያህል የተጠጉት መርከቧን ሰላማዊ ናት ብለው በማመናቸው እንደሆነም አስረዳ።

ጀርመኖቹ በዚያ ቀን የጦር ጠላቶች ነበሩ፤ በባንዲራ ማታለል ተጠቅመዋል፤ ገድለዋልም። ይህን ማንም አይክድም። ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ ግን የተናገሩት እውነት ነበር። ይህን ለ60 ዓመት መቀበል ባለመቻሉ የሲድኒ ሰዎች እናቶች፣ አብዛኞቹም ሚስቶች፣ የልጆቻቸውንና የባሎቻቸውን ማረፊያ ሳያውቁ አለፉ። ጠላትን መጥላትና የጠላትን ምስክርነት መመርመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም።

ሌላም አለ። በ1942 መጀመሪያ በክሪስማስ ደሴት አጠገብ በነፍስ ማዳኛ ታንኳ ላይ የአንድ መርከበኛ አስከሬን ተገኝቶ ነበር። የደሴቲቱ ሰዎች በክብር ቀበሩት፤ መዝገብም ያዙ። ጃፓኖች ደሴቲቱን በያዙ ጊዜ ብዙ ነገር ጠፋ፤ የመቃብሩ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልተረሳም። በ2006 አጽሙ ተገኝቶ ወጣ፤ በ2008 ጄራልድተን ከተማ በሚገኘው የጦር መቃብር በሥርዓት ዐረፈ፤ በ2021 ደግሞ በዲኤንኤ ምርመራ ቶማስ ዌልስቢ ክላርክ የተባለ የሲድኒ መርከበኛ መሆኑ ታወቀ። ከ645ቱ አስከሬኑ የተገኘው እሱ ብቻ ነው። ከ80 ዓመት በኋላ አንድ ስም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ይህ የሲድኒ ብቻ ዕጣ እንዳይመስላችሁ ሁለት ምሳሌ ልጨምር።

ኢንዲያናፖሊስ የተባለችው የአሜሪካ ክሩዘር በጁላይ 30 ቀን 1945 በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመታ ሰመጠች። ከ1,195 ሰዎች ወደ 900 የሚጠጉት በሕይወት ውሃ ውስጥ ገቡ፤ የደረሰላቸው ሳይኖር ቀናት አለፉ፤ የተረፉት 316 ብቻ ናቸው። ካፒቴኑ ቻርልስ ማክቬይ በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። የጃፓኗ መርከብ አዛዥ ሞቺትሱራ ሃሺሞቶ ለምስክርነት ተጠርተው፣ ማክቬይ መርከባቸውን እያጠማዘዙ ቢነዱም ኖሮ ከመመታት አያመልጡም ነበር የሚል ቃል ሰጡ። የጠላት ቃል ተሰማ፤ ግን አልተቀበሉትም። ማክቬይ በ1968 ራሳቸውን አጠፉ። የአሜሪካ ምክር ቤት ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣቸው በ2000 ነው። መርከቧም በ2017 በ5,500 ሜትር ጥልቀት የተገኘችው፣ የባሕር ኃይሉ የታሪክ ባለሙያ ሪቻርድ ሃልቨር ቀድሞ ያልተስተዋለ መረጃ ስላገኙ ነው። ከመስመጧ 11 ሰዓት በፊት ሌላ የአሜሪካ መርከብ በአጠገቧ አልፋ ነበር፤ የዚያች መርከብ መዝገብ ቦታውን ይዞ ቆይቷል።

ግሬይባክ የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ደግሞ በ1944 ከ80 መርከበኞቿ ጋር ጠፋች። ከጦርነቱ በኋላ ከጃፓን ሰነዶች የተወሰደው መጋጠሚያ በኬንትሮሱ ላይ የአንድ አኃዝ ስህተት ነበረበት። በዚያች አንድ አኃዝ ምክንያት ሰው ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሌላ ባሕር ያይ ነበር። ዩታካ ኢዋሳኪ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ የመጀመሪያውን የጃፓን መዝገብ መልሰው አንብበው ስህተቱን አገኙ፤ በ2019 መርከቧ በኦኪናዋ አጠገብ ተገኘች። የጃፓን ባሕር ኃይል ጸሐፊ በ1944 በጥንቃቄ የመዘገበው ነገር፣ ከ75 ዓመት በኋላ የ80 አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ጥያቄ መለሰ።

ክቡራትና ክቡራን፣ መርከብ ሲገኝ ሥራው አያልቅም። የጦር መርከብ ቅሪት የብዙ ሰው መቃብር ነው። በዓለም አቀፍ አሠራር የሰመጠ የጦር መርከብ በሌላ አገር ባሕር ውስጥም ቢሆን የባንዲራው አገር ንብረት ሆኖ ይቆያል። ብሪታንያ በ1986፣ አሜሪካ በ2004 እነዚህን ቅሪቶች የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል፤ ዩኔስኮም በ2001 በውሃ ሥር ያለ ቅርስ እንዲጠበቅ የሚያዝ ስምምነት አጽድቋል። አውስትራሊያ ሲድኒንና ኮርሞራንን ሁለቱንም በሕግ ከልላለች። ማንም ሊነካቸው አይፈቀድለትም፤ የጀርመኖቹ ሙታንም እንደ አውስትራሊያውያኑ ተከብረው ይኖራሉ። በ2015 ሳይንቲስቶች ተመልሰው ሲሄዱ ፎቶግራፍ አንስተው መጡ።

በሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1942 በጃቫ ባሕር ውጊያ ሦስት የሆላንድ የጦር መርከቦች፣ ደ ራይተር፣ ጃቫና ኮርቴናር፣ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር ሰምጠው ነበር። ጠላቂዎች ከ2002 ጀምሮ ባሉት ዓመታት አገኟቸው። በ2016 ሰባ አምስተኛውን ዓመት ለማሰብ ሲዘጋጁ ጠላቂዎቹ ተመልሰው ወረዱ። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል፤ የሦስተኛውም ትልቁ ክፍል የለም። ብረት ሸቃጮች በሕገ ወጥ መንገድ ቆራርጠው ወስደዋቸዋል። በወለሉ ላይ የቀረው የመርከቦቹ ቅርጽ ያረፈበት ጎድጓዳ ነው። በማሌዥያ ጠረፍ አጠገብ የሰመጡት የብሪታንያዎቹ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስና ሪፐልስም እንዲሁ ተዘርፈዋል። የሙታንን መቃብር ቆርጦ ለቁራጭ ብረት መሸጥ በየትኛውም ሃይማኖትና ባህል ነውር ነው፤ ይህን ለመከላከል የሚደረገውን ጥረት ባሕር ያለውም የሌለውም አገር ሊደግፈው ይገባል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። አገራችን ዋና ሰፈሩ ምጽዋ የነበረ የባሕር ኃይል ነበራት። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተያዘች ጊዜ በከተማይቱና በአካባቢው ባሕር ላይ የወደቁ አሉ፤ ከሁለቱም ወገን። በሌሎቹ ጦርነቶቻችንም የት እንደቀሩ ሳይታወቅ የቀሩ ልጆች፣ ወንድሞችና አባቶች አሉን። ያን ጊዜ በዚያ የነበሩ መኮንኖች፣ መርከበኞችና ተዋጊዎች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። አንዳንዶቹ እዚህ አሉ፤ አንዳንዶቹ አሥመራ፤ ሌሎቹ በስደት አገር። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አለ። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንደምናውቀው ያህል ግን አልሠራንበትም።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የጦርነት ዘመን የዓይን ምስክር ካለ፣ ጠይቁት፤ የሚናገረውን ሳታሳምሩ፣ ሳታርሙ፣ ቀንና ቦታውን ይዛችሁ ጻፉ ወይም ቅዱ። ቁጥሩ ከሌላው ሰው ቁጥር ጋር ባይገጥም አትጣሉት፤ አለመግጠሙም መረጃ እንደሆነ አይተናል። የተፋለመን ወገን ሰው ቃል ብታገኙ ደግሞ ከራሳችን ሰው ቃል እኩል በጥንቃቄ አስቀምጡት። የቤተ መዛግብትና የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ካላችሁ፣ ለእነዚህ ቃሎች ማኅደር ክፈቱላቸው፤ የሁለቱንም ወገን በአንድ መደርደሪያ አኑሩ። የሲድኒን ቤተሰቦች እርም ያወጣላቸው የተረፉ ጀርመኖች ቃል ሳይጣል መቀመጡ ነው። የእኛ ቤተሰቦችም ያንኑ ይጠብቃሉ፤ ቃሉን የያዙት ሰዎች ሳያልፉብን እንጀምር።